የረጅም ዓይን ስስ ጠርዝ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁንማ አረፍሽ» ይለኛል። «አዎ፣ ጌታ ይመስገን» እላለሁ። ሐሰትም አይደለም፤ ጉልበቴ አርፏል። ሐሳቤ ግን ወልቂጤ ክሊኒካችን ውስጥ፣ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል ቀርቶ ነበር። የመጨረሻዋ ታካሚዬ ምሕረት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የዓይኗን ምስል በማሽን አነሳሁ፤ ቀይ ወጣ። ሐኪሙ አይቶ «ከስድስት ወር በኋላ ይደገም» አለ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። ኬክ ተቆርጦልኛል፣ ጋቢም ለብሻለሁ። ነገር ግን ሳልሰማው የወጣሁት አንድ መልስ ነበረና እሱ ከጋቢው ይልቅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

ይህች ልጅ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀችኝ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ ነው፣ በጽዳት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማርኩት ከሰው አፍና ከዕቃ ላይ ነው። ወለል እያጸዳሁ የታካሚ ስም ስጠራ «ድምፅሽ ይሰማል» ተብዬ ካርድ ክፍል ገባሁ። ከካርድ ክፍል ደግሞ ያቺ እግሯን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የምታዞር የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል የተደረደረችበት ሰሌዳ አጠገብ ቆምኩ። «ይቺስ ወዴት ዞራለች?» ማለት ነው ሥራው። ቀላል ይመስላል። ሰው ስለ ዓይኑ እንደሚዋሽ የተማርኩት ግን እዚያ ነው። መነጽር ያማረው ያየውን አላየሁም ይላል፤ መንጃ ፈቃድ ያስቸኮለው ያላየውን አየሁ ይላል። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ሰሌዳውን በቃሉ አጥንቶ መጣ። ነቃሁበትና ገልብጬ ሰቀልኩት። ሾፌሩ ትንሽ ተንተባተበና «እትዬ፣ ዛሬ ፊደሉ ታሟል እንዴ?» አለኝ።

ደመወዙን ተዉት፣ ቤት ያቆማል እንጂ ቤት አይሠራም። ነጭ ገዋን ስለብስ ግን ገበያ የሚወጣው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ጀመር። ሲስተር አለመሆኔን ማስረዳት ስለሚያደክም አቤት እላለሁ።

ሥራ ያስተማረኝ ሙዘይን ነው። የዓይን ቴክኒሻን ነው፤ የቡታጅራ ልጅ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲቆጣ ደግሞ ድምፁ የባሰ ዝቅ የሚል ሰው። የክሊኒካችን ባለቤት ወልቂጤ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፍቶ ኦሲቲ የሚባለውን ማሽን ሲያስገባ «ከኔ ጋር አስቴርን ስጡኝ» ያለው እሱ ነው። «የተማረ ሰው ለምን አትወስድም?» ሲሉት «የተማረው ማሽኑን ያያል፤ እሷ የተቀመጠውን ሰው ታያለች፤ ሁለቱም ያስፈልጉኛል፣ ማሽኑን እኔ አይላታለሁ» አለ። እኔ ግን ማሽኑንም ማየት ፈለግሁ። ስክሪኑ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ቁጭ እልና ቃል በቃል እፈታው ነበር። ሙዘይን አልፎ ሲሄድ አያሾፍብኝም፤ የተሳሳትኩትን ብቻ በጣቱ መታ አድርጎ ይሄዳል።

ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የእንሰት ግንድ በአግድም ሲቆረጥ አይታችኋል፤ ልብስ በልብስ ላይ ተደራርቦ ይታያል። የዓይናችን የኋላ ግድግዳም እንደዚያ ነው፣ ሬቲና ይሉታል፤ ሁሉም ልብሱ ተደምሮ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ኦሲቲ ቢላ ሳያስገባ በብርሃን ብቻ ቆርጦ እያንዳንዱን ልብስ ያሳያል፣ ውፍረቱንም ይለካል። ከዚያ ልኩን እሱ ከሚያውቃቸው ጤነኛ ሰዎች ጋር ያስተያይና ቀለም ይሰጣል። ተመሳሳይ ከሆነ አረንጓዴ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ቢጫ፣ ከሳሳ ቀይ።

ችግሩ ማሽኑ የሚያውቃቸው ሰዎች ላይ ነው። አብዛኞቹ ዓይናቸው መደበኛ ርዝመት ያለው ነው። የቅርቡን እንጂ የሩቁን የማያይ ሰው፣ ያ «ማይነስ» የምንለው ወፍራም መነጽር የሚያደርገው፣ ዓይኑ ወደ ኋላ የረዘመ ነው። ዓይን ሲረዝም ሬቲናው አብሮ ይለጠጣል፤ መሃሉ እንደነበረ ይቆያል፣ ጠርዝ ጠርዙ ግን ይሳሳል። ስለዚህ ምንም በሽታ የሌለበት ባለ ማይነስ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ቀይ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ግላኮማ አለ። ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱትን የነርቭ ክሮች ሳያሳምም፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚበላ በሽታ ነው። እሱም ሲበላ ጠርዙ ይሳሳል፣ እሱም ቀይ ያወጣል። መለጠጥም ቀይ፣ መበላትም ቀይ። የሥራ ዘመኔ ጭንቀት በአጭሩ ይህ ነው።

ሙዘይን ለዚህ የራሱ ልማድ ነበረው። ታካሚው እያየው የአገጭ ማስደገፊያውን በአልኮል ይወለውላል። «የየት አገር ልጅ ነህ?» ይለዋል። «አረቅጥ» ካለ «እዚያማ ብርዱ ዓይን ያጠራል» ይላል፤ ሰውየው ፈገግ ሲል ትከሻው ይወርዳል፣ ትከሻው ሲወርድ ዓይኑ ይረጋል። «ጨፍን… ግለጥ… ቢስሚላህ» ብሎ ይጫናል። የዓይን ቆብ የሸፈነውን ወይም የተንቀጠቀጠውን ምስል ያለ ርኅራኄ ያጠፋል፤ «ደካማ ምስል ሐሰተኛ ምስክር ነው፣ አይቁጠሩት» ይላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ውጤቱ ሲመጣ የሚያደርገው ነው። መዳፉን ስክሪኑ ላይ ዘርግቶ ቀለሞቹን ይሸፍናል፤ መጀመሪያ መስመሩን ብቻ ነው የሚያየው። ውፍረቱ የት ከፍ አለ፣ የት ዝቅ አለ፣ ቀኝና ግራ ይመሳሰላሉ ወይ። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሚያነሳው። «ቀለም ለቸኮለ ሰው የተሠራ ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሀብቴ የሚባል የልብስ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። የጉመር ሰው ነው፤ ዘመድ ሊጠይቅ ወርዶ በዚያው ዓይኑን ሊታይ ገባ። መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። አነሳነው፤ ላዩም ታቹም ቀይ። ሰውየው ከለሩን ሲያይ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። ሐኪማችን ዶክተር ናትናኤል የዓይኑን ግፊት ለካ፣ ነርቩን በብርሃን አየ፣ የጎን እይታውን ፈተነ፣ በየጊዜው እየጠራ ደጋግሞ አስነሳው። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ «ያንተ ዓይን ረጅም ነው፤ ቀዩ ከመለጠጥ የመጣ ነው» አለው። ሀብቴ የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና እንደ ልጅ እየሳቀ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሙ ተካ መጣ። ተካ እዚሁ ወልቂጤ ሶፋ ይሠራል፤ ያው ወፍራም መነጽር፣ ያው ሳቅ። የሱም ቀይ ወጣ። ሙዘይን ስለ ዓይን ርዝመት ሊያስረዳው ሲጀምር ተካ ከአፉ ነጠቀው።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ቆዳው ያው ነው፣ ሶፋው ነው የረዘመው። ባለ ሁለት መቀመጫ ቆርጠህ ባለ ሦስት ላይ ብትስበው መሃሉን ስፖንጁ ይይዘዋል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ነው የሚሳሳው።»

«ልክ እንደዚያ» አለ ሙዘይን፣ ደስ ብሎት። «ግን አንድ ጊዜ አይተን አንተን መፍረድ አንችልም። ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለህ፣ መስመሩን ከመስመሩ ጋር እናስተያያለን።»

«እመጣለሁ» አለ።

አልመጣም። ስልክ ደወልን፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ። ደግመን ደወልን፤ «ከመስቀል መልስ» አለ። ከዚያ ስልኩ ተቀየረ።

ሲመለስ ዓመታት አልፈው ነበር። እንጨት ሲላግ ፍርፋሪ ቀኝ ዓይኑ ገባና በመዳፉ ሲሸፍነው፣ ባለፉ ጊዜያት ሁሉ ክፍት የነበረው ግራ ዓይኑ ሱቁን አላሳየውም። ሠራተኞቹን ድምፃቸውን ብቻ ሰማ። ማሽኑ ላይ ስናስቀምጠው ሙዘይን እንደ ልማዱ ቀለሙን በመዳፉ ሸፈነ፤ እጁን ግን መልሶ አላነሳም። ቀለሙን ማየት አላስፈለገውም፤ መስመሩ ወድቆ ነበር። ግላኮማ። የግራው አልቋል፣ የቀኙን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ዶክተር ናትናኤል ይህን ሲነግረው ተካ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚነግሩት ይመስል ነበር።

በሳምንቱ ሙዘይን «ነይ ተከተዪኝ» አለኝና የተካ ሱቅ ሄድን። ባልተጨረሰ ሶፋ ላይ ተቀመጥን።

«ለምን ቀረህ?» አለው ሙዘይን። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ተካ መዶሻውን አስቀመጠ። «ለመስቀል አገር ቤት ስንሰበሰብ ሀብቴ ወረቀቱን አወጣ። ክትፎው ሳይቀርብ ነው ያሳየን። የኔም ወረቀት ኪሴ ነበር፤ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አንድ ናቸው። ታላቃችን ሁለቱንም አየና “በቃ፣ የቤታችን ዓይን ነው” አለ። አባታችንም እንዲህ ነበር፣ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ለሀብቴ ምንም የለብህም ካላችሁት፣ ለኔ ምን ልትሉኝ ነው? በኛ ቤት አንዱ ያገኘው የሁሉ ነው፤ ሱቁም፣ ዕዳውም። መልሱንም ተካፈልነው።»

«ሁለት ሶፋ ሠራህ እንበል» አለ ሙዘይን። «አንድ እንጨት፣ አንድ ቆዳ። ምስጥ አንዱ ውስጥ ቢገባ ሌላውም ውስጥ ገብቷል ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ከላይ ሲታዩ ይለያሉ?»

«ቆዳው ካልተገፈፈ አይለዩም» አለ ተካ። ከዚያ ጥርት ባለው ዓይኑ አየንና «ይህን ያኔ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» አለ። ክፋት የለበትም፤ እንዲሁ የሥራ ሰው ለሥራ ሰው እንደሚለው ነው። አስረድተን ነበር፤ አስረድተንም ሰውየው በደንብ ገብቶት ነበር፤ በደንብ ስለገባው ነው የቀረው። ለዚህ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚገኝለት ሳናውቅ ሙዘይን ጡረታ ወጥቶ ቡታጅራ ገባ፣ ማሽኑንም ለኔ ተወልኝ።

እንግዲህ ምሕረት የተካ ልጅ ናት።

ይዟት የመጣው ራሱ ነው። ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ግባ ስለው «እዚህ ይሻለኛል» አለ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ልትማር ታስባለች፤ የአባቷ መነጽርና የአባቷ አፍ አላት። አገጯን አስደገፍኳት፣ ጨፍኚ፣ ግለጪ አልኳት፣ ተጫንኩ። መስመሩ ሲመጣ መዳፌን ዘረጋሁ። ልጅቷ መነጽሯን አድርጋ እያየችኝ ነበር።

«እትዬ አስቴር፣ ከእጅዎ ሥር ቀይ ነው አይደል?»

«እስቲ መጀመሪያ መስመሩን ልየው።»

«ነው፣ ቀይ ነው» አለች። «ሰው አረንጓዴ ስክሪን ላይ እጁን አይዘረጋም።»

ዶክተር ናትናኤል ሁሉንም አደረገ። ግፊቷ ደህና ነው። የጎን እይታዋ ደህና ነው። ነርቧ ግን ረጅም ዓይን ላይ እንደሚሆነው ዘመም ያለ ስለሆነ አይቶ ለመፍረድ ያስቸግራል። ተካን ተቀመጥ ብሎ ነገረው። «አንድ ምስል ቦታዋን ነው የሚነግረኝ፤ ወዴት እየሄደች እንደሆነ አይነግረኝም። ከስድስት ወር በኋላ በዚሁ ማሽን እናነሳታለን። መስመሩ ከዛሬው ላይ ካረፈ መለጠጥ ነው። ከወረደ ጠብታ እንጀምራለን፣ በጊዜ እንደርስበታለን። እስከዚያ ትማር፣ ታንብብ፣ እንደ ልቧ ትሁን። ማንበብ ይህን ነርቭ አይበላም።»

«እሺ» አለ ተካ። ይህንን እሺ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለው እሺ ሰው ሰምቶ ሳይሆን ፈርቶ የሚለው ነው።

ጋቢውን ለብሼ ቤቴ ስገባ ይህን ይዤ ነው የገባሁት። ምሕረት አልፎ አልፎ ትደውልልኝ ጀመር። አባቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጻሕፍቷን ሰብስቦ ሶፋ መሥሪያው ቤት ይቆልፍባቸዋል፤ «ዓይንሽን ልቆጥብልሽ ነው» ይላታል። ሐኪሙ አይጎዳትም ብሏል ብትለው «እኔም ምንም የለብኝም ብዬ ነበር» ይላል። አጎቷ ሀብቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለ በሌላ በኩል ይጎትታታል። «የቤታችን ዓይን ነው፣ ልጅቷን አታስጨንቋት፣ እኔን እዩኝ» ይላል። አባቷ ዓይኗ አልቋል ብሎ መጽሐፍ ይቀማታል፣ አጎቷ ምንም የለባትም ብሎ መመለሱን ያስረሳታል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራኝ እኔም አላውቅም ነበር። ፈተናዋ እየቀረበ ነው።

«የት ነው የምታጠኚው ታዲያ?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ቤት። ለአባባ መዘምራን ልምምድ ነው የምለው።»

«ዋሸሽ ማለት ነው።»

«እየዘመርኩ አጠናለሁ፣ ውሸት አይሆንም» አለች።

ከዚያ ደግሞ የማሽኑ ጉዳይ መጣ። መብራት ተመላልሶ ሲጠፋና ሲመጣ ስታብላይዘሩ ተቃጠለ፣ ኦሲቲው አልነሳ አለ። ይህን የነገረችኝ በኔ ቦታ የገባችው ሂሩት ናት፤ ከልምምዷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ እጇ የረጋ ሴት ናት። «እትዬ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቆመናል» አለችኝ። አያይዛም «ለነገሩ አዲስ ማሽን ተገዝቷል፣ ሌላ ዓይነት ነው፣ በጣም ፈጣን» አለች። እሷ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን የያዝኩትን ማሰሮ አስቀመጥኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንዱ ማሽን ውፍረት ሲለካ ከዚህኛው ልብስ እስከዚያኛው ልብስ ነው፤ ሌላው ኩባንያ የሠራው አንድ ልብስ ጨምሮ ሊለካ ይችላል። የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ ማለት ነው፤ ጨርቁ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ይለያያል። የምሕረት የመጀመሪያ መስመር በአሮጌው ማሽን የተነሳ ነው። አሮጌው ከሞተ ሁለተኛው መስመር የሚያርፍበት የለም፤ ጥበቃው ከዜሮ ይጀምራል፣ ሌላ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ፣ መጻሕፍቷም ተቆልፈው። ግላኮማ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ እየበላ።

ሙዘይን ጋ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም አስቴር። ሥራ ለቀቅሽ ብለውኝ ነበር።»

«ለቅቄያለሁ።»

«ታዲያ ይቺ የምትንቀጠቀጠው ማን ናት?»

ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝና «የተካ ልጅ» አለ። እንደገና «የተካ ልጅ» አለ። «ሂጂ ለዶክተሩ ንገሪው። የሚያውቀውም ቢሆን ንገሪው። ያወቀ ሰው ሲነገረው አይጎዳም፤ እኛ ያልተናገርነው ነው የጎዳን።»

በማግስቱ በባጃጅ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተር ናትናኤል በሩን ከፍቶ ሲያየኝ «እትዬ አስቴር፣ ጡረታው አልያዘዎትም መሰለኝ» አለ።

«አሮጌውን ማሽን ልትሸጡት ነው?»

«ለማን ብዬ ነው እያስጠገንኩት ያለሁት?» አለና ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ፤ ሁለተኛ ምስል የሚጠብቁ ታካሚዎች ናቸው። «እነዚህ ሁሉ በአሮጌው ይጨርሳሉ። ከዚያ በዚያው ቀን በአዲሱም ይነሳሉ፣ አዲስ መነሻ እንዲኖራቸው። ዕቃው ይምጣልን ብቻ።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እኔም እፈራለሁ፣ እትዬ» አለኝ። ሐኪምም እንደሚፈራ እገምት ነበር፤ ሲናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዕቃው ቆይቶ መጣ። ማሽኑ ተነሳ።

በቀጠሮው ቀን እኔም ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ሠራተኛ ሆኜ በኖርኩበት ኮሪደር ላይ እንደማንም ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከተካ ጎን። የስንቱን ሰው ስም ከዚያ በር ስጠራ ኖሬ ወንበሩ እንደዚህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ተካ በአንድ ዓይኑ በሩን ያያል። ጣቶቹ የወንበሩን ጠርዝ ይዳስሳሉ።

«ስፌቱ መጥፎ ነው» አለ።

«ከሙያህ አታርፍም እንዴ?»

«ምን ላድርግ? ሌላ ነገር ባስብ የማስበውን ታውቂዋለሽ።»

በሩ በከፊል ክፍት ነው። ሂሩት «ጨፍኚ፣ ግለጪ» ስትል ይሰማኛል። ማሽኑ ጢጥ አለ። ሂሩት «እንደገና» አለች። የዓይን ቆብ ሸፍኖት ይሆናል አልኩ ለራሴ፤ ምሕረት እኮ ስትፈራ ዓይኗን ታጠብባለች። አሁንም ጢጥ። «እንደገና።» ዓይኗ ደርቆ እንደሆነ እዚህ ሆኜ አውቄዋለሁ፤ የማርጠቢያ ጠብታ ጨምሪላት ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቶ የጠብታው ብልቃጥ ሲከፈት ሰማሁ። ሂሩት እኔ ሳልነግራት ታውቀዋለች። ሦስተኛው ጢጥ ሲል «ይኼ ጥሩ ነው» አለች።

ዶክተር ናትናኤል ሁላችንንም አስገባን። የፊተኛውን መስመርና የአሁኑን አንድ ላይ አወጣቸው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ከለሩ ዛሬም ቀይ ነው፣ ላዩም ታቹም። ተካ መጀመሪያ ያየው ቀዩን ነው። እኔ መስመሩን ፈለግሁ። ጥቁሩና ሰማያዊው አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የፀጉር ያህል ተለያይተው መልሰው ገጠሙ።

«እዚህ ጋ?» አለ ተካ፣ ጣቱን አስጠግቶ።

«ያ የማሽኑ መወላወል ነው፤ አንድን ሰው በአንድ ቀን ሁለቴ ባነሳው ይህን ያህል ይለያያል። አልወረደም። ግፊቷም ደህና ነው፣ እይታዋም ደህና ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የማየው መለጠጥ ነው፣ ግላኮማ አይደለም።»

«እስከ ዛሬ ድረስ» አለች ምሕረት።

«እስከ ዛሬ ድረስ። አባትሽ ይህ በሽታ ስላለበት በየዓመቱ ትመጫለሽ። ነገም ይቺው ናት ብዬ ቃል አልገባልሽም። ዛሬን ግን እገባልሻለሁ።»

ተካ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ብዙ ጠረገው። ከዚያ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። ምሕረት ምን መክፈቻ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ስልኩ ጮኸ። ሀብቴ ነው፤ ተካ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ስለሚያወራ ሁላችንም እንሰማለን።

«እህስ?»

«ደህና ናት። መለጠጥ ነው አለ።»

«አላልኩህም? የቤታችን ዓይን ነው። በከንቱ ልጅቷን…»

«ሀብቴ» አለ ተካ።

«አቤት።»

«የቤታችን አይደለም። ይኼ የምሕረት ነው። የልጆችህን ዓይን እኔ አላየሁም፣ አንተም አላየህም። ሦስቱም ያንተን ዓይነት መነጽር ነው ያደረጉት።»

ከወዲያ ማዶ የመርካቶ ጫጫታ ይሰማል፣ አንድ ሰው ዋጋ ሲጠራ።

«ለመስቀል ስንወርድ ይታያላ» አለ ሀብቴ።

«ለመስቀል አይደለም። እኔ ከመስቀል መልስ ብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

ሀብቴ ቀስ ብሎ «እሑድ ይሠራሉ?» አለ።

ተካ ወደኔ ዞረ። ጡረታ መውጣቴን ረስቶታል፤ እኔም ረሳሁት።

«እሑድ አይሠሩም» አልኩት። «ቅዳሜ ግን እስከ ቀትር አሉ። ማልደው ይምጡ፣ ሦስት ልጅ ጊዜ ይወስዳል።»

«ቅዳሜ» አለው ተካ።